ዐሥር ከዐሥር

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ።» ይህችን አባባል መምህር አላስተማረኝም። አያቴ ቤት ቡና ሲጠጣ፣ ዕድር ድንኳን ውስጥ፣ ታክሲ ስጠብቅ ሰምቼ በቃሌ ያዝኳት። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የምትለዋንም እንዲሁ። ማንም ሳይፈትነኝ፣ ማንም ማርክ ሳይሰጠኝ ገቡ፤ ገብተውም ቀሩ።

በ1998 ዓ.ም. የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ደግሞ የእነዚህን ተቃራኒ በቃሌ እንዳጠና ታዘዝኩ። ዴሞክራሲያዊ ሥርዓት መገንባት፣ የሕግ የበላይነት፣ እኩልነት፣ ፍትሕ፣ የአገር ፍቅር፣ ኃላፊነት፣ ታታሪነት፣ በራስ መተማመን፣ ቁጠባ፣ ንቁ የማኅበረሰብ ተሳትፎ፣ እውቀትን መሻት። ዐሥራ አንዱ የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር እሴቶች እነዚህ ነበሩ። ዛሬም ከእንቅልፌ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝ አንድ ሳላስቀር እዘረዝራቸዋለሁ።

ዳሩ ግን ከዚያ ዓመት ከሁሉ በላይ የማልረሳው አንድ ቀን አለ። አጠገቤ የሚቀመጥ ዝምተኛ ልጅ ነበር። መምህራችን ስለ ምርጫ እያስረዱ ሳለ እጁን አወጣና፣ «ቲቸር፣ መጽሐፉ መሪ በምርጫ ይሾማል ይላል። ታዲያ የእኛን የክፍል አለቃ ለምን እኛ አንመርጥም?» አለ። አለቃችንን የሾሙት መምህሩ ራሳቸው ነበሩ። ክፍሉ በሣቅ ፈረሰ። መምህሩ ግን አልሣቁም። ልጁ ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ድረስ ከጥቁር ሰሌዳው ፊት ተንበርክኮ ዋለ። በሳምንቱ «ንቁ የማኅበረሰብ ተሳትፎ» በሚለው ምዕራፍ ላይ ፈተና ተሰጠን። እኔ ዐሥር ከዐሥር አገኘሁ። እሱ ስድስት አገኘ። ልጁ ሲንበረከክ ትንፍሽ አላልኩም ነበር።

ይህ ነገር ዓመታት አልፈውም አልለቀቀኝም። መልሶ የቀሰቀሰብኝ ደግሞ ጨርሶ ያልጠበቅሁት ቦታ ነው። በ2011 ዓ.ም. ስለ ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ አንድ ጽሑፍ ለማዘጋጀት አስቤ፣ የተወለደበትንና ቅኔ የተማረበትን አገር ለማየት ከደብረ ማርቆስ ወደ ደብረ ኤልያስ ወረድኩ። ደብረ ኤልያስ በምሥራቅ ጎጃም ስሟ ከቅኔ ጋር የሚጠራ አገር ናት። የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው ከተማሩባቸው አብያተ ጉባኤ አንዷ እርሷ ናት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከአንድ የቅኔ ጉባኤ ዳር ተቀመጥኩ። ደበሎ የለበሱ ልጆች ዛፍ ሥር፣ ድንጋይ ላይ፣ አጥር ተጠግተው በየራሳቸው ሲያሰላስሉ የዋሉትን ቅኔ ይዘው ተሰብስበዋል። አንድ ዐሥራ ሁለት ዓመት የሚሆነው ልጅ ተራው ደረሰና ጉባኤ ቃናውን ተናገረ። ሁለት ስንኝ ናት። ወዲያው ሌላው ተነሥቶ ሰሙ ከወርቁ አልገጠመም ብሎ ተቸው። ትንሹ ልጅ አልደነገጠም። ቃሉን ከግሱ አውጥቶ ለምን እንደዚያ እንዳለ ተከራከረ። ግዕዙን አጠገቤ ያለ ሰው በሹክሹክታ ባይፈታልኝ ኖሮ እኔ ምንም አይገባኝም ነበር። ክርክሩን ግን ከፊታቸው አነበብኩት። በመጨረሻ የተቺው ሐሳብ አመዘነ፤ ትንሹም «ይሁን፣ አቃናዋለሁ» ብሎ ተቀመጠ። ማንም አልተንበረከከም።

ጉባኤው ሲበተን ወደ መምህሩ ጠጋ ብዬ፣ «የኔታ፣ የእርስዎን ቅኔስ ይተቻሉ?» አልኳቸው።

«ስሕተት ካገኙበት ማን ይይዛቸዋል፣ ልጄ? ተማሪው ካልበለጠኝ እኮ የከሰርኩ እኔ ነኝ» አሉና ሣቁ።

እዚህ ላይ አንባቢዬ የቅኔ ቤትን ገነት አስመስዬ የማቀርብ እንዳይመስለው እፈልጋለሁ። አርጩሜ አለ። ረኀብ አለ። ልጁ ቁራሽ ለምኖ ነው የሚማረው። ምንም እንኳ ጎጃም ዓይነ ስውሯን የቅኔ መምህርት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን ያፈራ አገር ቢሆን፣ በሩ ለሴት ልጅ ሰፊ ሆኖ አያውቅም። በቃል ማጥናትም አለ፤ ግሱን ያላጠና ቅኔ አይቆጥርም። ልዩነቱ ማጥናቱ መነሻ እንጂ መድረሻ አለመሆኑ ላይ ነው። በቅኔ ቤት የትናንቱን ወይም የጓደኛን ቅኔ መድገም ነውር ነው። ልጁ በየዕለቱ የራሱን አዲስ ነገር ሠርቶ በሰው ፊት ይቆማል፣ ይተቻል፣ ይከላከላል፣ ሲሸነፍም ያምናል። እኛ በሥነ ዜጋ ክፍል ግሱን አጥንተን ቀረን። ቅኔውን የቆጠረ ያ የተንበረከከው ልጅ ብቻ ነበር።

ዮፍታሔ ይህን ያወቀ ይመስለኛል። ከደብረ ኤልያስ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት ሲያስተምር ተውኔት እየደረሰ ተማሪዎቹን መድረክ ላይ አወጣ። እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ የተዘመረውን ብሔራዊ መዝሙር ግጥም የጻፈው እርሱ ነው። ግጥሙን ተማሪ ሁሉ በቃሉ ያጠናዋል፤ ተውኔቱን ግን ልጆች በአካላቸው ይኖሩታል። በተውኔት አንዱ ልጅ ዳኛ፣ ሌላው ተበዳይ፣ ሌላው በዳይ ይሆናል። የሌላውን ሰው ነገር ለአንድ ሰዓት ተሸክሞ የቆመ ልጅ ስለ ፍትሕ ከትርጓሜው የበለጠ ያውቃል።

ትምህርቱ ራሱ ስንት ስም እንደለወጠ አስቡት። በንጉሡ ዘመን ግብረ ገብ ነበር። በደርግ ጊዜ የፖለቲካ ትምህርት ሆነ። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር መጣ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሥራ ላይ በዋለው ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ ለታናናሾቹ ግብረ ገብ፣ ለታላላቆቹ የዜግነት ትምህርት ተብሏል። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር መጽሐፉ ተለወጠ። መምህሩ የሚቆምበት ቦታና ተማሪው የሚቀመጥበት አግዳሚ ግን ያው ነው።

አዲስ መንገድ የለም ማለቴ አይደለም። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን በምስለ ፍርድ ቤት ሲያወዳድር ቆይቷል። በእንዲህ ያለ ክርክር ተማሪው ዛሬ የአመልካች፣ ነገ የተጠሪ ጠበቃ ሆኖ ይቆማል፤ የሚጠላውን ወገን ክርክር አጥንቶ መናገር ግድ ይሆንበታል። በላ ልበልሃ እያለ በዱላው መሬት እየመታ ሲሟገት ለኖረ ሕዝብ ልጆች ይህ ባዕድ ነገር አይደለም። ግን ውድድር በዓመት አንዴ፣ ለጥቂቶች ነው። ቅኔ ቤት በየቀኑ፣ ለሁሉም ነው።

በየቀኑ ምን ይደረጋል ብትሉኝ፣ ትንንሽ ነገር ነው የምለው። ተማሪዎች የክፍላቸውን ደንብ ራሳቸው ያውጡ። አለቃቸውን ይምረጡ፤ ካጠፋም በሥርዓት ይሻሩት። የግቢው የውኃ ቧንቧ ሲደርቅ ስለ «ንቁ ተሳትፎ» ትርጉም ከመጻፍ ለቀበሌው አቤቱታ ይጻፉ፤ መልሱንም ተከታትለው በትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ያንብቡት። ገንዘብ የለም፣ ክፍሉ ስድሳና ሰባ ልጅ የታጨቀበት ነው ይባላል። እውነት ነው። ነገር ግን ደብረ ኤልያስ ያየሁት ጉባኤ ወረቀት እንኳ አልነበረውም።

የጎደለን ሌላ ነገር ነው። መምህሩ ርዕሰ መምህሩን ይፈራል፣ ርዕሰ መምህሩ የወረዳውን ሰው ይፈራል፣ የወረዳው ሰው ከበላዩ ያለውን ይፈራል። ያን ልጅ ያንበረከኩትን መምህር ለብዙ ዓመት ክፉ ሰው አድርጌ አስባቸው ነበር። አሁን ግን የፈሩ ይመስለኛል። ዛሬ የክፍል አለቃ ለምን አንመርጥም ያለ ልጅ ነገ ምን እንደሚጠይቅ ቀድመው ታይቷቸው ይሆናል። እኔም የፈራሁት እርሳቸውን ነው። «ንጉሥ አይከሰስ» የምትለዋ አባባል እንዲህ ከሰው ወደ ሰው እየተላለፈች ያለ መጽሐፍ ትማራለች።

ይህን የምጽፈው ጊዜው ስለሚያስፈራኝም ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል በተስፋፋው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ሐሳቡን በቃል ተከራክሮ ማሸነፍን፣ ተሸንፎም «ይሁን» ብሎ መቀመጥን ያልተማረ ትውልድ ሌላ መከራከሪያ ሲያገኝ ምን እንደሚሆን ከእኛ በላይ ማን ያውቃል? በሩ በተከፈተ ቀን ለልጆቹ አዲስ ስም ያለው መጽሐፍ ብቻ ይዘን እንዳንጠብቃቸው።

እኔም የራሴን ዕዳ ልናገርና ላብቃ። ያን ቀን እጄን አውጥቼ፣ «ቲቸር፣ የእሱ ጥያቄ የእኔም ነው» ብል ኖሮ አጠገቡ እንበረከክ ነበር። ምናልባት ውጤቴም ስድስት ይሆን ነበር። ትምህርቱን ግን ያኔ አልፌ ነበር።