ነሐሴን በፎገራ፣ ቡሄን በደብረ ታቦር

ክረምት ሲገባ ትምህርት ቤት ይዘጋል። ልጆች ቴሌቪዥን ፊት ይቀመጣሉ፤ ወላጅም «ጭቃው ይድረቅና እንወጣለን» እያለ ቀጠሮ ያራዝማል። በአውሮፓ ተራሮች ሥር ባሉ የሐይቅ ዳር ከተሞች ግን ሰው ቤተሰቡን ይዞ የሚጓዘው በብርዱ ወራት ጭምር ነው፤ በረዶውን ብሎ። እኛም ሐይቅ አለን፤ ተራራም አለን። በሁለቱ መካከል ደግሞ ክረምት ካልሆነ ጠባዩ የማይገባ ሜዳ አለን። ይህን ያሳየኝ አባቴ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ባሕር ዳር ሰንብተን ሳለ አባቴ «ልጁን ፎገራን ላሳየው» አለኝ። ተወልዶ ያደገበት አገር ነው። «እሺ፣ ጥቅምት ላይ» ብለው «በጥቅምትማ የትኛውም አገር ያምራል፤ አገር የሚታወቀው በክረምት ነው» ብሎ ዘጋኝ። ነሐሴ 11 ቀን በጠዋት እሱ፣ እኔና የዘጠኝ ዓመት ልጄ ሚኒባስ ተሳፈርን።

ከባሕር ዳር ወረታ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱም አስፋልት ነው። ሐሙሲትን አልፈን የጉማራን ድልድይ ስንሻገር ወንዙ ቡና መስሎ፣ ዳርና ዳሩን ሞልቶ ይወርዳል። ከዚያ ወዲያ ሜዳው ተዘረጋ፤ በግራም በቀኝም ውሃ ላይ የቆመ አረንጓዴ ሩዝ። ልጄ ሩዝን የሚያውቀው በላስቲክ ታሽጎ ነው፤ «ይሄ ሁሉ ሣር ነው?» አለ። አባቴ ሳቀ። እሱ ልጅ ሳለ ይህ ሜዳ ክረምቱን ውሃ የሚተኛበት የከብት ግጦሽ ነበር፤ በወተቷ ስሟ የተጠራው የፎገራ ላም አገር። ሩዝ የመጣው በደርግ ዘመን፣ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ ነው። ዛሬ ወረታ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አላት፤ የሩዝ እንጀራውም በየቤቱ ነው።

ከሰዓት በኋላ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው የአክስቴ ቤት በእግር ሄድን። ቦቲ ጫማ ባንይዝ ኖሮ መንገድ ላይ በቀረን ነበር። አክስቴ ቡና እያፈላች ልጄን ወደ ምሰሶው ወሰደችውና ደረቱ አካባቢ በእጇ ነካችው። «በ98ቱ ክረምት ውሃው እስከዚህ ነበር» አለችው። በዚያ ነሐሴ ርብና ጉማራ ከዳርቻቸው ወጥተው፣ ጣናም ሞልቶ፣ የፎገራና የሊቦ ከምከም ሰው ከቤቱ ተፈናቅሏል። አክስቴ ጎተራዋን አጥታለች፤ ሁለት ጥጆችም ሄደውባታል። «ታዲያ ለምን አልተነሳሽም?» አላት ልጄ። «ሩዙስ ያለ ውሃ ይበቅላል እንዴ? የሚያበላንም እሱ፣ የሚያባርረንም እሱ» አለችው። ያን ምሽት ልጄ ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ እያዳመጠ ብዙ ሰዓት አልተኛም።

በማግስቱ ከወረታ ወደ ምሥራቅ ታጥፈን በአለም በር በኩል ሽቅብ ወጣን። ደብረ ታቦር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅ ነው፤ ግን ጣና ዳር 1,800 ሜትር ገደማ የነበረው ከፍታ እዚያ ስንደርስ ወደ 2,700 ይጠጋል። ወረታ ላይ በወበቅ ያወለቅነውን ሹራብ ግማሽ መንገድ ላይ መልሰን ለበስን። ደብረ ታቦር በጉም ተሸፍና ጠበቀችን። አባቴ ይህን ቀን የመረጠው በምክንያት ነበር፤ ማታው የቡሄ ዋዜማ ነው፤ ከተማዋም በዓሉም የሚጠሩት በዚያው ተራራ ስም ነው። ሲመሽ በየደጁ ችቦ በራ። ልጄ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ተቀላቅሎ ጅራፍ ለማጮህ ሞከረ፤ መጀመሪያ ያገኘው የገዛ ጆሮውን ነው። ሙልሙሉን ግን በደንብ ተቀበለ።

በቡሄ ማግስት የአየሩን ሁኔታ ጠይቀን በጠዋት ወደ ክምር ድንጋይ አመራን፤ ከጉና ግርጌ ነው። ከ4,100 ሜትር በላይ የሚነሳው ጉና ራሱ በደመና ተከናንቦ አልታየንም። ያየነው ገብሱንና ድንቹን ነው። ከመኪና ወርደን ትንሽ እንደተራመድን በረዶ ወረደ፤ ማሳው ለጥቂት ደቂቃ ነጭ ሆነ። ልጄ በእጁ እየዘገነ ጨፈረ። በረዶው ሲያባራ ከአንድ ቁልቁል ማሳ ጥግ ቀይ ውሃ ቦይ ሠርቶ መውረድ ጀመረ። አጠገቡ ያለው ማሳ እርከን ነበረውና ከእሱ የሚወርደው ቀለል ያለና ጠራ ያለ ነበር።

ልጄ ጭፈራውን ተወ። «አባባ፣ ይሄ ውሃ የት ነው የሚሄደው?» አለ። ርብም ጉማራም ከጉና እንደሚነሱ አባቴ ነገረው። ልጁ ትንሽ አሰበና «ወደ አክስታችን ቤት ነዋ» አለ። አባቴ ራሱን ነቀነቀ። «አዎ። እዚህ አፈሩ የሄደበት ሰው ይደኸያል፤ እዚያ ውሃው የበዛበት ሰው ይሰጥማል። ይሄ እርከን የሠራ ሰውዬ አክስትህን አያውቃትም፤ ግን ጎረቤቷ ነው» አለው።

እኔ ያንን መንገድ ስንት ጊዜ ተመላልሼበታለሁ፤ ሁልጊዜም በበጋ። በበጋ ጉናና ፎገራ ሁለት የተለያዩ አገሮች ይመስላሉ። የሚያገናኛቸው ገመድ የሚታየው በክረምት ነው።

ልጆቻችሁንና ወላጆቻችሁን ይዛችሁ ለመሄድ ካሰባችሁ አስቀድማችሁ የመንገዱንና የአካባቢውን ሰላም ጠይቁ። ለወረታ አጎበር፣ ለደብረ ታቦር ወፍራም ሹራብ ያዙ፤ ፎገራ የወባ አገር ነው፤ ጉና ሥር ደግሞ ብርዱ ለአረጋዊ ጉልበት አይራራም። ልጆችን ከሞላ ወንዝ ዳር አርቁ፤ በቀን ብቻ ተጓዙ። ሁለት አዳር ይበቃል።

እኛ ቤት ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ተለውጧል። ነሐሴ ላይ ዝናቡ ሲጠና ልጄ ስልኬን ያነሳና አክስቴ ጋ ይደውላል። ሰላምታውን ሳይጨርስ የሚጠይቃት አንድ ነገር ነው፤ «ጉማራ ሞላ እንዴ?»