ለልዋጭ የሄደው ካርቶን

«ልዋጭ! ልዋጭ!» የሚለው ጥሪ በጠዋት ከውጭ ሲሰማ የብዙዎቻችን ዓይን ወደ ጓዳ ይሮጣል። ያረጀ ልብስና የተጣለ ዕቃ ሰጥቶ የፕላስቲክ ሳፋ ወይም ጆግ መቀበል ለቤት እመቤት ትርፍ መስሎ ይታያል። እኔም በ2007 ዓ.ም. ጳጉሜን ላይ፣ ለዘመን መለወጫ የእናቴን ቤት ለማጽዳት ከሰበታ ተጂ ወርጄ ሳለ ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። ከአልጋ ሥር አንድ ካርቶን አወጣሁ። በውስጡ ውጭ አገር የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ትቶት የሄደው፣ በቴሌቪዥን የሚሠራ ግራጫ የጌም መሣሪያ ከነገመዱና ከነጆይስቲኩ ተቀምጧል። መሣሪያው ሆዱ ወደ ላይ ተገልብጦ ስለ ነበረ፣ «ባይበላሽ ኖሮ እንዲህ አይጣልም ነበር» ብዬ ከሁለት አሮጌ ጃኬቶች ጋር ሰጠሁና አንድ ሰማያዊ ሳፋ ተቀበልኩ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ወንድሜ ደወለ። ሰላምታው እንዳለቀ፣ «እታለም፣ ወደዚህ የሚመጣ ሰው አለ፤ ያንን የጌም ዕቃዬን ላኪልኝ። ከከበደው ይቅር፤ ፊት ለፊቱ ላይ የምትሰካዋን ትንሿን ካርድ ብቻ አትርሺ» አለኝ። እውነቱን ስነግረው አልተቆጣም። «ይሁን፣ ምን ይደረጋል» ብቻ ብሎ ስለ እናታችን ጤና ጠየቀኝ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

በካርዷ ውስጥ ምን እንደ ነበረ የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው። የተጂን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል። የበቾ ሜዳ ጥቁር አፈር ዝናብ ሲጠግብ እግር አያስነቅልም፤ ኳስ ሜዳውም ረግረግ ይሆናል። ወንድሜ በመኸር ወራት በጤፍ አጨዳ በቀን ሥራ ያጠራቀመውን ገንዘብ ይዞ በ1996 ዓ.ም. መርካቶ በመሄድ ያንን ያገለገለ ፕሌይስቴሽን ሲገዛ፣ የሰፈሩ ልጆች ክረምቱን እኛ ቤት ከተሙ። እናቴ «ቤቴን ጭቃ በጭቃ አደረጋችሁት!» እያለች ትቆጣለች፤ ዞር ብላ ደግሞ ቆሎ ትቆላላቸዋለች። የሚጫወቱት ኮናሚ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ያዘጋጀውን ዊኒንግ ኢለቨን የሚሉትን የእግር ኳስ ጨዋታ ነበር። በዚህ ጨዋታ የተጫዋቾችን ስም መለወጥ ስለሚቻል ወንድሜ ዐሥራ አንድ የሰፈር ልጆችን በየቦታቸው አሰልፏቸው ኖሯል። የዚህ ሁሉ መዝገብ ያቺ ካርድ ነበረች። የምትይዘው 128 ኪሎባይት ብቻ ነው፤ ዛሬ በስልካችን ከምናነሣት አንዲት ፎቶግራፍ እጅግ ያንሳል።

መሣሪያው የተገለበጠበትንም ምክንያት ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ሶኒ ኩባንያ ፕሌይስቴሽንን በጃፓን ለገበያ ያቀረበው ኅዳር 24 ቀን 1987 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዓለም ዙሪያ ከ100 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። ከመጀመሪያዎቹ ምርቶች በብዙዎቹ ውስጥ ሲዲውን የሚያነብበው ሌንስ የሚንሸራተትበት ፕላስቲክ በሙቀትና በአገልግሎት ብዛት እየተበላ ሌንሱ ያዘነብላል። ተጫዋቾች ያገኙለት መላ መሣሪያውን ገልብጦ ማጫወት ነበር። እኔ ብልሽት ያልኩት ለካስ ጥገና ኖሯል።

ይህን ያስረዳኝ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጄ ነው። ልጄ አባቱ በልጅነቱ ይጫወትበት የነበረውን በእጅ የሚያዝ ብሪክ ጌም ከመሳቢያ አግኝቶ ባትሪ ቀየረለት፤ ሲሠራለት ጊዜ ሌሎች አሮጌ ጌሞችን ማሰባሰብ ጀመረ። ዛሬ ሦስት መሣሪያዎችና ሃያ የሚሆኑ ሲዲዎችና ካሴቶች በመደርደሪያው ላይ ተደርድረዋል። መጀመሪያ ላይ ተቃውሜው ነበር። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም እንዲሉ፣ በዚህ የኑሮ ውድነት ለአሮጌ መጫወቻ ገንዘብ ማውጣቱ ከንቱ ልፋት መሰለኝ። እሱ ግን፣ «እማዬ፣ ይኼ ብሪክ ጌም የምትሉት እኮ ቴትሪስ ነው፤ አሌክሲ ፓጂትኖቭ የሚባል ሰው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1984 ሞስኮ ውስጥ የፈጠረው ነው» ሲለኝ ዝም ብዬ ማዳመጥ ጀመርኩ።

ነገሩን ስከታተለው ትልልቅ ድርጅቶችም የእኔን ስሕተት ፈጽመዋል። አታሪ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1983 ገበያው ሲወድቅበት ያልተሸጡ የጌም ካሴቶችን በኒው ሜክሲኮ በረሃ በአላሞጎርዶ ከተማ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ቀብሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 ሥፍራው ተቆፍሮ ካሴቶቹ ወጡ፤ አንደኛው ዛሬ የስሚዝሶኒያን ቤተ መዘክር ንብረት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ የሆነ ጥናት ደግሞ በአሜሪካ ከ2010 በፊት ከወጡት ጌሞች 87 በመቶ ያህሉ በገበያ እንደማይገኙ አመልክቷል። እነዚህን ከመጥፋት ካዳኗቸው መካከል እንደ ልጄ በየመደርደሪያቸው ያስቀመጡ ተራ ሰዎች ይገኙበታል።

ይህ ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ገበጣ ሰፊ ጥናት ያሳተሙት የልጆችና የእረኞች ጠጠር ነው ብለው ሳይንቁ፣ በየአካባቢው ያለውን አጨዋወት ሰብስበው ነው። የዛሬ ልጆቻችን ገበጣ ደግሞ በቴሌቪዥን መስኮት ላይ ነው።

ልጆቻቸው እንዲህ ባለ ፍላጎት ለተያዙ እናቶች በቤቴ የተማርኩትን ላካፍል። አንደኛ፣ ወጪው ልክ ይኑረው። እኛ ቤት በሁለት ወር ከአንድ ዕቃ በላይ አይገዛም፤ ግማሹንም ልጁ ለዓመት በዓል ከሚሰጠው ገንዘብ ያዋጣል። ያልተከፈተ አሮጌ ጌም እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ ጨረታ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል ዶላር በላይ መሸጡ እውነት ነው፤ የእኛዎቹ ግን ተከፍተው ሲጫወቱባቸው የኖሩ ስለሆኑ ሀብት እናገኝባቸዋለን ብሎ ማሰብ አይገባም። ሁለተኛ፣ ጨዋታው ከጥናት በኋላ፣ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ይሁን። ሦስተኛ፣ ከውጭ የመጣ መሣሪያ ከመሰካቱ በፊት ጀርባው ላይ ያለው ጽሑፍ ይነበብ። የእኛ መብራት 220 ቮልት ሲሆን የጃፓን 100፣ የአሜሪካ 120 ነው፤ ለእነሱ ብቻ የተሠራው ያለ ትራንስፎርመር ቢሰካ ይቃጠላል። አራተኛ፣ ከሚቀመጥ ዕቃ ውስጥ ባትሪው ይውጣ፤ ፈሳሹ እየወጣ ብረቱን ይበላዋልና። ልጆች የካሴቱን ጥርስ በአፋቸው እፍ ማለት ይወዳሉ፤ የትንፋሽ እርጥበት ስለሚጎዳው አልኮል በነካ ጥጥ ማበስ ይሻላል።

ባለፈው ጥቅምት ከልጄ ጋር መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ሄድን። ቁራሌውና ልዋጩ ከየመንደሩ የሰበሰቡት ዕቃ ተለይቶና ተጠግኖ እንደገና የሚሸጥበት ሥፍራ ነው። ለልጄ አልነገርኩትም እንጂ እኔ የምፈልገው የወንድሜን ካርቶን ነበር። ከዐሥር ዓመት በኋላ አላገኘውም፤ ሞኝነት መሆኑንም አውቃለሁ። ሆኖም ከገመድ ክምር ሥር አንድ ግራጫ ፕሌይስቴሽን አገኘን። ሻጩ ሁለት ሺህ ብር ጠርቶ፣ ተከራክረን በአንድ ሺህ ሁለት መቶ ወሰድነው። ትንሿ ካርድም አብራው ነበረች።

ቤት ገብተን ስንሰካው ሲዲውን አላነብ አለ። ልጄ ምንም ሳይናገር ገለበጠው። ሠራ። ካርዷን ሲከፍታት የማናውቀው ሰው ያስቀመጠው ጨዋታ ተመዝግቦባታል። «አጥፋውና የአጎትህን ቡድን እንጻፍበት» አልኩት። «አይ እማዬ፣ ይኼ የሰው ነው፤ ቦታ አለን» አለኝ። በእርግጥም ካርዷ ዐሥራ አምስት ክፍሎች አሏት። እኔ ለገዛ ወንድሜ ዕቃ ያላሰብኩትን ልጄ ለማያውቀው ሰው አሰበለት።

በሚቀጥለው እሑድ መሣሪያውን ይዘን ተጂ፣ እናቴ ቤት ወረድን። ለወንድሜ ደወልንለት። እሱ የልጆቹን ስም እየጠራ፣ ልጄ አንድ በአንድ ጻፈ። አንዱ ዛሬ መምህር ነው፤ አንዱ ሾፌር ሆኗል፤ የሁለቱን አድራሻ የሚያውቅ የለም። ዐሥር ስም ሲሞላ ወንድሜ ቆመ። «በረኛውን ረሳሁት» አለ፤ ድምፁ ቅር እንዳለው ያስታውቅ ነበር። ያን ጊዜ እናቴ ከምድጃው አጠገብ ሆና፣ «ያ ቆሎውን ሁሉ ኪሱ የሚከተው ልጅ ነዋ!» ብላ ስሙን ከነአባቱ ጠራችው። ወንድሜ ረጅም ሳቅ ሳቀ። ከሰጠሁት ሳፋ ወዲህ እንዲህ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ሰማያዊው ሳፋ በሁለተኛው ዓመት ተሰንጥቆ እሱም ለልዋጭ ሄዷል። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል። እናቶችና እኅቶች ሆይ፣ ቤት ማጽዳቱ መልካም ነው፤ አሮጌ ዕቃ ሁሉ ይቀመጥ አልልም። ነገር ግን የልዋጩ ጥሪ ሲሰማ፣ ካርቶኑን ከማውጣታችን በፊት ባለቤቱን እንጠይቅ። ሩቅ ከሆነም እንደውልለት።