ሳጥን ውስጥ የቀረው ኑዛዜ

የድሬ ልጆች፣ የድሮ ተማሪዎቼም ስሙኝ፣ ዛሬ የማወራው የራሴን ቤት ጉድ ነው።

አባቴ ኑዛዜ ጽፎ ነበር። በገዛ እጁ፣ በዚያ በሚያምር ጽሕፈቱ። የከዚራው ቤት ላስታመመችው ታናሽ እህቴ እንዲሆን ብሎ ቀን ጻፈበት፣ ፈረመበት፣ ሳጥኑ ውስጥ ቆለፈበት። "በቃ ጨርሻለሁ" አለን። እኛም ያለቀ መሰለን። ከዚያ በኋላ ማን ያንሳው? ኑዛዜ ማንሳት ሟርት ይመስለናላ!

ሲያርፍ ሳጥኑን ከፈትነው። ወረቀቱ ከተጻፈ አስር ዓመት አልፎታል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ሰው በራሱ እጅ የጻፈው ኑዛዜ በ7 ዓመት ውስጥ ውልና ማስረጃ ወይም ፍርድ ቤት ካልተቀመጠ ቀሪ ነው ይላል። ወንድሞቼ "ሕጉ ነው" አሉ። ቤቱ ተሸጠ፤ እኩል ተካፈልን። እህቴ ዛሬ ሳቢያን ተከራይታ ነው የምትኖረው።

እኔስ? ድርሻዬን ልተውላት እችል ነበር። ዝም ብዬ ተቀበልኩ። ይሄ እስከዛሬ ይቆጠቁጠኛል።

እና ወገኖቼ፣ አንዴ ጽፎ መቆለፍ አይበቃም። ልጅ ሲወለድ፣ ፍቺ ሲመጣ የቀድሞው ኑዛዜ ሊፈርስ ይችላል። ባልና ሚስት ደግሞ በአንድ ወረቀት ላይ አብረው መናዘዝ አይችሉም፤ ለየብቻ ነው። አራት ምስክር ባለበት አስነብቡት፣ እዚያው ሁላችሁም ፈርሙ፣ ቀኑን ጻፉ፣ የት እንዳለም ለልጆቻችሁ ንገሩ።

ወላጆቻችሁ በሕይወት ካሉ፣ ዛሬ ማታ ሳጥኑን አብራችሁ ክፈቱ። መጀመሪያ ቀኑን እዩ።