አዲጋላ ላይ ስንጠብቅ

እስቲ ዛሬ ስለ አሮጌው ባቡርና ስለ አንዲት ሻይ ሻጭ ላጫውታችሁ።

ልጅ ሳለሁ ትምህርት ሲዘጋ ከአያቴ ጋር (አላህ ይዘንላትና) ከድሬዳዋ በባቡር ተሳፍረን አዲጋላ የምትኖረውን አክስቴን እንዘይር ነበር። አክስቴ ጣቢያው አጠገብ ሻይና የግመል ወተት ትሸጥ ነበር።

ይህ ሐዲድ ከጅቡቲ መዘርጋት የተጀመረው በ1897 እ.ኤ.አ. ነው። ሐሳቡ ሐረር ለማስገባት ነበር፤ ተራራው አላስወጣ ቢል በ1902 እ.ኤ.አ. ከግርጌው ቆመ፣ ድሬዳዋም በዚሁ ሰበብ ተቆረቆረች። የባቡር ልጆች ነን የምንለው ለቀልድ ብቻ አይደለም! አዲስ አበባ የደረሰው ግን በ1917 እ.ኤ.አ. ነው።

የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር፣ መስመሩም ነጠላ ነበር። ስለዚህ ወጪና ወራጁ ባቡር የሚተላለፉት ጣቢያ ላይ ብቻ ነው። ቀድሞ የደረሰው ወደ ጎን ሐዲድ ገብቶ ሌላውን ይጠብቃል፤ አንዱ ከዘገየ ሁለቱም ዘገዩ። አዲጋላ ነፍስ የምትዘራው ታዲያ ያን ጊዜ ነው። ሴቶቹ ወተታቸውን ይዘው ከፉርጎዎቹ ሥር ይሰለፋሉ፤ መንገደኛው ወርዶ ዉዱእ ያደርግና ዙህርና ዐስርን አሳጥሮ፣ አጣምሮ ይሰግዳል። አያቴ ቂብላውን ያሳየችኝ በባቡሩ ነው፦ «ወደ ጅቡቲ የሚሄደው ባቡር አፍንጫ፣ ከዚያ ትንሽ ወደ ግራ።»

አንድ ጊዜ ትምህርት ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው የመመለሻው ባቡር ዘገየ። ከጧት እስከ መግሪብ ጠበቅን።

«ይሄ የተረገመ ባቡር!» ብዬ አማረርኩ።

አክስቴ ብራዷን ከእሳቱ ላይ እያወረደች፣ «አትራገም ልጄ» አለችኝ። «እሱ ካልዘገየ እኛ ምን እንበላለን?»

ያን ቀን ሦስት ጊዜ ስኳር ልካኝ ነበር፤ ሻይዋ እያለቀባት። እኔ ግን እስክትነግረኝ ድረስ ልብ አላልኩም።

በ2000ዎቹ ማብቂያ ላይ አሮጌው ባቡር እየሳሳ ሄደ። አክስቴም ብራዷን ጠቅልላ ድሬዳዋ ልጆቿ ዘንድ ገባች። በ2016 እ.ኤ.አ. በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር ተመረቀ፤ የድሬዳዋ ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ተሳፍሬበት ስመለስ ፍጥነቱንና ምቾቱን ነገርኳት።

«ማሻአላህ» አለች። ቆየት ብላም፣ «መንገድ ላይ ስንት ቦታ ይቆማል?»

«ጥቂት ቦታ ነው አክስቴ፤ ብዙም አይቆይም።»

ዝም ብላ ሻዬን ቀዳችልኝ።