የኩሬ ዳር ተክል

የውኃ ዳር ተክል ሁሉ ውኃን ይወዳል፤ ነገር ግን ሁሉ በአንድ ልክ አይወደውም። አንዱ ሥሩን ብቻ ያረጥባል፥ ሁለተኛው ግንዱን ነክሮ ይቆማል፥ ሦስተኛውም በውኃው ላይ ይንሳፈፋል። ስለዚህ ኩሬ ያለው ሰው ተክሉን በአበባው ውበት ብቻ ሳይሆን በጠባዩም ሊመርጠው ይገባዋል። ይህንንም አንድ ልጅ በድካም ተማረው።

ከጣና ሐይቅ የአንድ ቀን መንገድ በሚርቅ መንደር፥ አንድ ገበሬ ምንጭ ባለበት ጓሮው ውስጥ ትንሽ ኩሬ ቈፈረ። ጥልቀቱ በመካከል ሁለት ክንድ፥ በዳር ግን አንድ ስንዝር ነበረ። በክረምት ሲሞላ ትርፉ ውኃ ወደ ወንዝ ይወርድ ነበር፤ ጎረቤቶቹም ከዚያ ወንዝ ውኃ ጠልፈው አትክልታቸውን ያጠጡ ነበር።

ገበሬውም ልጁን፥ «ኩሬው ባዶ ነው፤ የሚተከልበትን አንተ ምረጥ» አለው። ልጁም በዚህ አደራ እጅግ ደስ አለው።

ከጥቂት ቀንም በኋላ ልጁ ዘመዶቹን ሊጠይቅ ወደ ጣና ዳር ሄደ። በዚያም በውኃ ላይ የሚንሳፈፍ፥ ቅጠሉ የሚያብረቀርቅ፥ አበባው ሐምራዊ የሆነ ተክል አየ። ማንንም ሳይጠይቅ 3 ነቅሎ በእርጥብ ጆንያ ጠቀለለና አምጥቶ በኩሬው ላይ ጣላቸው። በአንድ ወር ውስጥ 3ቱ 12 ሆኑ፤ አበባቸውም ፈነዳ። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያደንቅ ነበርና ልጁ ኮራ።

ቀድሞ በደምቢያ በሐይቁ ዳር ዓሣ ያጠምዱ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ግን ባዩት ጊዜ ፊታቸው ጠቆረ። «ልጄ፥ ይህን ከወዴት አመጣኸው?» ብለው ጠየቁት። ልጁም ፈርቶ ዝም አለ። ከምንጩ የበቀለ ነው ሊል አሰበ፤ ነገር ግን መዋሸትን አፈረና፥ «አባባ፥ እኔ ከጣና ነቅዬ አመጣሁት» አለ።

ሽማግሌውም በኩሬው ዳር ተቀምጠው እንዲህ አሉት፦ «ይህ እምቦጭ ይባላል። የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው፤ ሰዎች ስለ አበባው ውበት ብለው ወደ ብዙ አገር ወሰዱት። በጣና ላይ መኖሩ የታወቀው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. ነው። ሲመቸው በ2 ሳምንት ያህል እጥፍ ይሆናል። ውኃውን እንደ ምንጣፍ ይሸፍነዋል፤ ብርሃንና አየር ይከለክለዋል፤ ዓሣው ያልቃል፥ ታንኳውም መሄጃ ያጣል። እኔና ጎረቤቶቼ እስከ ደረታችን በውኃ ቆመን በእጃችን ነቀልነው፤ በዓመቱ ግን ተመልሶ መጣ። መረቤን የሰቀልሁት በዚህ አበባ ምክንያት ነው። አሁንም ክረምት ሳይገባ፥ ይህም ኩሬ ወደ ወንዙ ሳይፈስ፥ አውጣው።»

ልጁም አለቀሰ፤ አበባውን ይወደው ነበርና። ነገር ግን የጎረቤቶቹን አትክልት አሰበና ወደ ውኃው ገባ። 12ቱንም ከነሥራቸው ለቀመ፤ የተበጠሰ ቅጠል እንኳ አላስቀረም። ከውኃ አርቆ በድንጋይ ላይ በፀሐይ አደረቃቸውና ከአባቱ ጋር አቃጠላቸው።

ከዚህም በኋላ ሽማግሌው ምርጫን አስተማሩት። በዳር፥ መሬቱ ረጥቦ ውኃ በማይቆምበት ስፍራ፥ ቄጠማ ተከሉ። አንድ ስንዝር ውኃ ባለበት ቅጠሉ እንደ ሰይፍ የሆነውን ፊላ አቆሙ፤ ነገር ግን የፊላ ሥር በጭቃ ውስጥ እየተሳበ ስፍራውን ሁሉ ይወስዳልና፥ አፉ በተሰበረ አሮጌ ጋን ጭቃ ሞልተው በዚያ ውስጥ ተከሉት። ውኃው እስከ ጉልበት በሚደርስበትም አንድ ደንገል ብቻ አኖሩ፤ ደንገል ከሰው ቁመት እጥፍ ሊረዝም ይችላልና ለትንሽ ኩሬ አንዱ ይበቃል። «የጣና ሰዎች ታንኳ የሚሠሩት ከዚህ ነው፤ የጥንት ግብፃውያንም የሚጽፉበትን ወረቀት ከእርሱ ያበጁ ነበር» ብለው ነገሩት።

መስከረምም በጠባ ጊዜ ልጁ ከኩሬው ዳር ቄጠማ አጭዶ ቤቱን ጎዘጎዘ፤ ሽማግሌውም ቡና ሊጠጡ ተጠሩ። ልጁም፥ «አባባ፥ እንግዲህ ኩሬው ንጹሕ ሆነ» አላቸው። እርሳቸው ግን፥ «ገና ነው፤ አበባው ፈንድቶ ነበርና ዘሩ ወርዶ እንደ ሆነ በጭቃው ውስጥ ከ15 ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል» አሉት።

ከዚያ ወዲህ ልጁ በየሳምንቱ ወደ ኩሬው ይወርዳል፤ በቄጠማውና በፊላው መካከል ጎንበስ ብሎ አዲስ ቅጠል እንዳለ ይመለከታል። ሳይጠይቅ የተከለው በአንድ ቀን ነበር፤ የሚጠብቀው ግን ብዙ ዓመት ነው።

ልጆች ሆይ፥ ያማረ ነገር ባያችሁ ጊዜ እጃችሁን ሳትዘረጉ አስቀድማችሁ ጠባዩን ጠይቁ።