ከትከሻ ኋላ የሚጮኸው ፕላስቲክ

ሲጢጥታው የሚሰማው ሞተሩ ረጋ ሲል ነው። አራተኛ ማርሽ ገብቶ፣ በሰዓት 35 ማይል አካባቢ፣ ጆርጂያ አቬኑ ላይ የተጣጣፈ አስፋልት ሲገጥመኝ «ሲጥ፣ ሲጥ ሲጥ» ይላል። ቤንዚን ረግጬ ሞተሩን ሳስጮኸው ይዋጣል። ችግሩ ሜሪላንድ ውስጥ ሁልጊዜ እየረገጡ መንዳት ካሜራና የቅጣት ወረቀት ማስከተሉ ነው።

መኪናዋ ሁለት ወንበር ብቻ ያላት፣ የኋላ መስታወቷ ከነክዳኑ ወደ ላይ የሚከፈት የጃፓን ስፖርት መኪና ናት። ያገለገለች ነበር የገዛኋት። የእንዲህ ዓይነት መኪና ሞላ ደረቅ፣ ጎማውም ስስ ስለሆነ ሌላው መኪና ውጦ የሚያስቀረውን ንዝረት ሁሉ ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ወንበሩን ከዕቃ መጫኛው የሚለይ ግድግዳ ደግሞ የላትም፤ ኋላ የተንኮሻኮሸ ሁሉ ጆሮ ሥር ነው። በጥር ብርድ ይብሳል። ፕላስቲክ በብርድ የሚኮማተረው ከብረት ብዙ እጥፍ ነው፤ አንድ ሜትር የሚረዝም የፕላስቲክ ሽፋን ከበጋ ሙቀት ወደ በረዶ ቅዝቃዜ ሲገባ 2 ሚሊሜትር ያህል ሊያጥር ይችላል። የተሰካበት ብረት ግን እምብዛም ንቅንቅ አይልም።

የጠየቅኩት ጋራዥ ለፍለጋው በሰዓት እንደሚያስከፍለኝ፣ ለማግኘቱ ግን ዋስትና እንደማይሰጥ ነገረኝ። አልተቀየምኩም፤ ድምፅ መፈለግ ከመጠገኑ የባሰ ሥራ ነው።

ፍለጋውን የያዙልኝ ሲልቨር ስፕሪንግ የምንኖርበት ሕንፃ ውስጥ ያሉ ጎረቤቴ ናቸው። ስማቸው እንዲጻፍ ስለማይወዱ ጋሼ ብቻ ልበላቸው። ልጅነታቸውን አዲስ አበባ፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ጋራዥ ውስጥ ያሳለፉ፣ ኋላም ዲሲ ታክሲ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። እሁድ ከቅዳሴ መልስ፣ ነጠላቸውን እንኳ ሳያወልቁ፣ ፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ወዳለው ባዶ የመኪና ማቆሚያ ወሰዱኝ።

«ሬዲዮውን ዝጋው። ማሞቂያውንም። ኪስህ ያለውን ቁልፍ አውጣ።»

ሳንቲሙን፣ መነጽሩን፣ ቻርጀሩን፣ ከመለዋወጫ ጎማው ቦታ ያለውን ክሪክ ሳይቀር በፌስታል አስወጡኝ። «አሁን ቀስ ብለህ ንዳ። እኔ ካልጠየቅኩህ አታውራ።»

ድምፁ ከዳሽቦርዱ እንደሚመጣ ልምል ምንም አልቀረኝም ነበር። ጋሼ በመዳፋቸው ዳሽቦርዱን ተጭነው ጉብታውን አለፍን፤ ጮኸ። ጣራውን ተጫኑ፤ ጮኸ። ያጋደለው የፊት መስታወት ድምፁን መልሶ ይወረውረዋል፣ ጆሮም ይታለላል። ከዚያ ክንዳቸውን ከወንበሬ ኋላ አሳልፈው፣ የደህንነት ቀበቶው የሚወጣበትን ሽፋን ሲጫኑት ሲጢጥታው ቁርጥ አለ። ለቀቁት፤ ተመለሰ። ደግመው ተጫኑት፤ ዝም።

«ያውልህ» አሉ፤ ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ቤት እንድመለስ አዘዙኝ።

መፍታቱ ትዕግሥት ይጠይቃል። መጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ነቅለን ጥቂት ቆየን፤ ኤርባጉን የሚያፈነዳው ኃይል ባትሪው ከተነቀለም በኋላ ለትንሽ ጊዜ ስለሚቆይ ነው። ጋሼ ካቻቢቴ እንዳላነሳ ከለከሉኝ፤ ብረት ፕላስቲኩን ይፍቃል። የፕላስቲክ መፈልቀቂያ አስገዝተውኛል። ውስጡንም አስቀድመን አሙቀነው ነበር፤ በብርድ የደረቀ ክሊፕ ሲስቡት ይሰበራል። ሽፋኑ ሲላቀቅ ከሥሩ ቢጫ የሽቦ መሰኪያ ታየ። «ቢጫ ካየህ እጅህን ሰብስብ» አሉ ጋሼ፤ ቢጫው የኤርባግና በግጭት ጊዜ ቀበቶውን የሚያጠብቀው ባሩድ መስመር ነው። አልነካነውም።

ሽፋኑን ገልብጠን በስልክ መብራት አየነው። ከኋላው ሽፋን ጋር የሚገናኝበት ጠርዝ ላይ ጥፍር የሚያክል ቦታ ተፍቆ ያብረቀርቃል፤ ዙሪያውን ደቃቅ ነጭ ዱቄት ተጋግሯል። ሁለት ጠንካራ ፕላስቲኮች ሲፋተጉ አይንሸራተቱም፤ ይያያዛሉ፣ ይላቀቃሉ፣ እንደገና ይያያዛሉ፤ ይህ በሰከንድ ብዙ መቶ ጊዜ ሲሆን ድምፅ ይሆናል። ማሲንቆም የሚጮኸው በዚሁ መንገድ ነው፤ የደጋኑ ጭራ የማሲንቆውን ጭራ እየያዘ ይለቀዋል።

እኔ ዘይት ልረጭበት ፈልጌ ነበር፤ ጋሼ አቧራ እንደሚሰበስብ ነግረው አስተውኝ። የመኪና ፋብሪካዎች ሽቦ የሚጠቀልሉበትን ጨርቅ መሰል ፕላስተር በመቀስ ቆርጠው፣ የተፋቀውን በአልኮል ጠርገው ለጠፉበት። ስፖንጅ ያለው ወፍራሙ አይሆንም፤ ሽፋኑን ገፍቶ ክሊፖቹን ያላላቸዋል፣ ከዚያ ሌላ ድምፅ ይወለዳል። ክሊፖቹን አንድ በአንድ፣ «ጠቅ» እስኪሉ በቡጢ መታ መታ እያደረግን መለስናቸው።

ማታ ቤልትዌይ የሚባለው አውራ ጎዳና ላይ ወጣን። ጥሩ ጸጥታ ነበር፤ ሞተሩ ብቻ፣ እንደሚገባው።

«የእርስዎንስ ቫን መቼ እንፍታት?» አልኳቸው።

«የእኔ ሁሉም ነገሯ ስለሚጮህ አንዱ ለይቶ አይሰማኝም» አሉ። ጥቂት ቆይተው፣ «ይልቅ የግራ በርህን ላስቲክ ሰምተኸዋል?»

አልሰማሁትም ነበር። ከዚያ ወዲያ ግን ሌላ ነገር አልሰማም። ለበር ላስቲክ ከሚሆኑት አንዱ ክራይቶክስ የሚባለው፣ ለጠፈር ሥራ ሳይቀር የዋለ ቅባት ነው፤ ትንሿ ቱቦ ዋጋዋ አስደንግጦኝ ሁለት ቀን ካመነታሁ በኋላ አዘዝኩ።