የአክስታችን ካርድ

ተማሪ የሆነ ሰው ወረቀት ያለበትን ጉዳይ ሁሉ የራሱ ሥራ አድርጎ ይቆጥራል። እኛም ባለፈው የክረምት ዕረፍት የሠራነው ስሕተት የመጣው ከዚሁ ስለ ሆነ፣ ለወንድሞቻችንና ለእኅቶቻችን ተማሪዎች ሳንደብቅ ልንነግራቸው ወደድን።

እኛ ሁለታችን የወንድማማች ልጆች ስንሆን ያደግነው ጉደር ነው። አዳዳ እያልን የምንጠራቸው የአባቶቻችን እኅት ልባቸውን ይታመማሉ። አዲስ አበባ ላይ ያየቻቸው ሐኪም «ቀድሞ የታከሙበትን ማስረጃ አምጡልኝ» ብላ አዘዘች። አክስታችን ብዙ ዓመት የታከሙት አምቦ ነው። አምቦ ቀድሞ ሀገረ ሕይወት ትባል ነበር፤ ሰው ጤናውን ፍለጋ ወደ ፍል ውሃዋ ሲመጣባት የኖረች ከተማ ናት።

ሕመምተኛዋን እንዳናንገላታ ብለን ቁጥሩ የተጻፈበትን ትንሿን ካርድ ብቻ ይዘን በሚኒባስ ሄድን። በካርድ ክፍሉ መስኮት ያለችው ሠራተኛ ካርዱን አየችና «ባለቤቲቱ የት አሉ?» አለችን። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መሆናችንን፣ የሥጋ ዘመድም መሆናችንን አስረዳናት። እርሷም «ልጆች፣ ዘመድ አይደላችሁም አላልኩም። ፋይሉ ግን የእርሳቸው ነው። ወይ ይምጡ፣ ወይ በጽሑፍ ይወክሏችሁ» ብላ መለሰችን።

ተናደድን። እስከ ጉደር ድረስ ቢሮክራሲን ስናማ ሄድን። አክስታችን ግን ነገሩን ሲሰሙ አልተናደዱም። ጥቂት ዝም ብለው «እዚያ ፋይል ውስጥ ሁሉም ነገር ተጽፏል እንዴ?» ሲሉ ጠየቁን። «አዎን፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ» አልናቸው። «እንግዲያስ ነገ እኔው እሄዳለሁ» አሉ።

በማግሥቱ ሠራተኛዋ የፈቃድ ወረቀት ሰጠችን። የትኛው ማስረጃ ለማን እንደሚሰጥ የሚሞላበት ባዶ ቦታ ነበረው። እኛ ቸኩለን «ሁሉም» ብለን ልንጽፍ ብዕር አነሣን። አክስታችን እጃችንን ያዙን። «መጀመሪያ አንብቡልኝ» አሉ። በኦሮምኛ አነበብንላቸው። «የልቤን ሕመም ብቻ ጻፉ፤ ለአዲስ አበባዋ ሐኪም ብቻ። የቀረው እዚሁ ይቀመጥ» አሉና አሻራቸውን አኖሩ።

የቀረው ምን እንደ ሆነ አልጠየቅናቸውም። በአንድ ግቢ አብረናቸው እያደግን ያላወቅነው ነገር እንዳለ ያን ጊዜ ገባን። ሠራተኛዋ ብትሰማን ኖሮ ደግሞ ፋይሉን በመንገድ ላይ ከፍተን እናነበው እንደ ነበር እናውቀዋለን።

ከዚያ ወዲያ ሕጉን አገላበጥን። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት እንዲከበር ይደነግጋል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 399 በሥራው ያወቀውን የሰው ምሥጢር የሚያወጣ ሐኪም እንዲቀጣ ያዝዛል፤ ባለ ምሥጢሩ በግልጽ ሲፈቅድ ግን ጥፋት አይሆንም። ስለ ግል መረጃ ጥበቃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ ለመጠየቅ መብት እንዳለው ይናገራል፤ የጤና መረጃንም ልዩ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው ይቆጥረዋል። እንግዲህ ሠራተኛዋ ያቆመችን በአመሏ ሳይሆን በሥራዋ ነበር። አክስታችንም ፊደል ባይቆጥሩ የሕጉን ፍሬ ነገር ከእኛ ቀድመው ያውቁት ኖሯል።

አዲስ አበባ ደርሰን ማኅተም ያረፈበትን ፖስታ ለሐኪሟ ሰጠናት። ዋናው ፋይል እዚያው አምቦ ቀርቷል። አንብባ ስትጨርስ «ከዚህ ሌላ የታመሙት ነገር አለ?» ስትል ጠየቀቻቸው። ሐኪሟ ኦሮምኛ ስለምታውቅ አስተርጓሚ አላስፈለገም። አክስታችን ወደ እኛ ዞረው «ልጆቼ፣ ውጭ ጠብቁኝ» አሉን። ወጣን፤ በሩም ተዘጋ። ብዙ ቆዩ።

ስለዚህ በዕረፍት ጊዜ ዘመዱን ይዞ ሐኪም ቤት የሚሄድ ተማሪ ሁሉ መታወቂያውንና የካርዱን ቁጥር አይርሳ። ከፈቃዱ ወረቀት ላይ «ሁሉም» ብሎ ከመጻፉ በፊት ግን ለባለቤቱ አንብቦ የትኛውን፣ ለማን ብሎ ይጠይቅ። ማንበብ መቻላችን ለማንበብ ፈቃድ አይሆነንምና።